አድራሻው ያልታወቀ ሸማኔ

ዳልጮ የጨንቻ ሸማኔ ነበር። ጨንቻ ሸማኔ ሞልቷል፤ የዳልጮ ጋቢ ግን ትከሻ ላይ ካረፈ አይንሸራተትም ይባልለት ነበር። ሚስቱ ስትሞትበት ትንሿን ልጁን ማሚቱን ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ አስቀምጦ፣ ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም እያቀበለችው አሳደጋት።

በ1974 ዓ.ም. ከሸማኔዎች ማኅበር በኮታ የተሰጠውን ክር ለግል ነጋዴ ሸጠሃል ተብሎ ተፈረደበትና አርባ ምንጭ ወህኒ ቤት ገባ። ልጅቷን የሚስቱ እህት አገርነሽና ባሏ ካሱ ወሰዷት። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። እስከዚህ ድረስ ማንም ማንንም አልበደለም።

ወህኒ ቤቱ የሽመና ክፍል ስለነበረው የዳልጮ እጅ ሥራ አልፈታም። እንዲያውም የጨንቻው ቀበሌ ሊቀ መንበር ጓድ ደበሌ፣ “የእኔን ትከሻ የሚያውቀው ዳልጮ ብቻ ነው” እያለ ፈትል ተሸክሞ ቁልቁል እስከ ወህኒ ቤቱ በር ይወርድ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

አንድ እሑድ አገርነሽ ቆጮና ዳጣ ይዛ፣ ማሚቱን አስከትላ ለጥየቃ መጣች።

“አባዬ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ!”

“ጎበዝ! ስምሽን ጠሩሽ?”

“አዎ። ማሚቱ ካሱ!”

ዳልጮ የቆረሰው ቆጮ እጁ ላይ ቀረ። አገርነሽ አንገቷን ደፋች።

“የቀበሌው ሸንጎ ነው፣ ወንድሜ። ‘የምታሳድጓት ከሆነ በወረቀት ይሁን’ አሉን። እኛም እሺ አልን። ከዚያ የአንተ አባትነት ተቋርጧል ብለው ወሰኑ።”

“እኔን ሳይጠይቁ?”

“በገበያ አስለፍፈዋል። አልቀረብክም።”

“ገበያ እንዴት ልቅረብ? አስር አለቃ ገነነን አስፈቅጄ?”

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ፣ አስር አለቃ ገነነ፣ “እኔን አታስገባኝ!” ብሎ ሳቁን ዋጠ።

መንግሥት ራሱ ቆልፎ የያዘውን ሰው ሸንጎ እንዴት ያጣዋል? መልሱ ያለው በጋሞ ሸማኔ አኗኗር ውስጥ ነው። ሸማኔ መወርወሪያውን ይዞ አገር ለአገር ይዞራል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወለጋ። ዕዳ ወይም ክስ ሲመጣበት የትኛው ከተማ እንዳለ ሚስቱም አታውቅም። ስለዚህ የሸንጎው ጸሐፊ አንድ ልማድ ነበረው፤ ተከሳሹ ሸማኔ ከሆነ “አድራሻው ያልታወቀ” ብሎ ይጽፋል፤ በገበያ ይለፈፋል፤ ሰውየው ካልቀረበ በሌለበት ይወሰናል። ለዳልጮም ያው ልማድ ሠራ። ደበሌም እንደ ሌላው ቀን ውሳኔው ላይ ፈረመ።

ዳልጮ የዚያን ቀን መወርወሪያ አልነካም። አጠገቡ የሚተኛው ኃይለመስቀል ነበር፤ ውጭ ሳለ ከፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ወህኒ የገባውም አማቹን በዱላ ብሎ ነው።

“ጋሼ ኃይለመስቀል፣ እስረኛ አባት መሆን አይችልም እንዴ?”

“ተፈረደብህ እንጂ መች ሞትክ? ይግባኝ በል።”

ይግባኝ ማለት “የበታቹ ተሳስቷል፣ የበላዩ ይየው” ማለት ነው። ነጻ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። እስረኛ ግን እያንዳንዱን እርምጃ በሌላ ሰው እግር ነው የሚራመደው፤ ደስ የሚለውም ዳልጮ እነዚያን እግሮች ያገኘበት መንገድ ነው። ማመልከቻውን ኃይለመስቀል ጻፈለት። ዳልጮ በወህኒ ቤቱ መሠረተ ትምህርት የተማራትን ፊደል ይዞ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ስሙን በገዛ እጁ ፈረመ። ማመልከቻውን አስር አለቃ ገነነ ለአስተዳደሩ አደረሰ። የቀረው የውሳኔው ግልባጭ ነበር፤ እሱ ያለው ጨንቻ፣ ሸንጎው ቤት ነው። የይግባኙ ቀነ ገደብ ደግሞ እየቀረበ ነው።

በዚያው ሳምንት ደበሌ ጋቢውን ሊወስድ መጣ።

“አልቋል፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ጫፉ ብቻ አልተቋጨም።”

“ታዲያ ቋጨው!”

“ጣቴ እምቢ አለኝ። ልጄ ያለ አባት ቀርታ ጣት ይታዘዛል? የውሳኔውን ግልባጭ ቢልኩልኝ ግን...”

“አንተ ዳልጮ! ጋቢዬን አሰርክብኝ ማለት ነው?”

“እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ጌታዬ? እስረኛ ነኝ።”

ደበሌ ተራገመ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ግልባጩንም በካሱ እጅ ላከው።

የቀጠሮው ቀን አስር አለቃ ገነነ ዳልጮን ይዞ ወደ ሴቻ፣ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ሰፈር ወጣ። አገርነሽና ካሱ መልስ ሰጪ ሆነው፣ ደበሌም ስለ ሸንጎው ሊያስረዳ ቀርበዋል። የአርባ ምንጭ ፀሐይ እንደምታውቁት ናት። ደበሌ ግን በአዲስ ጋቢ ተጀቡኖ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ቆሟል።

ዳኛው ጠየቁት፤ “ሸንጎው ሰውየውን ለምን በመጥሪያ አልጠራውም?”

“አድራሻው አልታወቀም ነበር፣ ጓድ ዳኛ።”

“በዚህ ሙቀት ጋቢ ለብሰሃል። አሞሃል እንዴ?”

“ደህና ነኝ! ዛሬ ጠዋት ተቀብዬው፣ ላወልቀው ሳስቼ ነው።”

“ያምራል። ማን ሠራልህ?”

“ዳልጮ ነዋ! ከመስቀል በፊት ጀምሮ ወህኒ ቤት ድረስ ፈትል የማመጣለት...”

ቃሉን አልጨረሰውም። ሸንጎው መቼ እንደወሰነ ትዝ አለው፤ ከመስቀል በኋላ ነበር። መጀመሪያ የሳቀው አስር አለቃ ገነነ ነው። ዳኛው መዶሻቸውን አንሥተው ጸጥታ ሊያስከብሩ ሲሉ የራሳቸውን አፍ በእጃቸው ሸፈኑ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ ደበሌ፣ በጋቢው ጫፍ ላቡን እየጠረገ። “ሳላነብ ፈርሜያለሁ።”

አገርነሽም ተነሥታ፣ “ልጅቷን ላሳድግ አልኩ እንጂ አባቷ ይቀየር መቼ አልኩ?” አለች።

ፍርድ ቤቱ ያልተሰማ አባት ልጁን አያጣም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ማሚቱ አባቷ እስኪፈታ አክስቷ ዘንድ ትቆይ፣ በጥየቃ ቀን ትምጣ፣ ስሟም ይመለስ ተባለ። ካሱ ከሁሉም ይልቅ የቀለለው ይመስል ነበር፤ ሲወጡ ዳልጮን አቅፎ፣ “ቆጮውን ግን እኔ ማብላቴን አልተውም” አለው።

በሚቀጥለው እሑድ ማሚቱ እየሮጠች መጣች።

“ስምሽን ጠሩሽ?” አለ ዳልጮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“መምህሩ ረስተው ‘ማሚቱ ካሱ’ አሉ። ዝም አልኩ።”

“ከዚያስ?”

“ደግመው ጠሩ። ዝም አልኩ። ልጆቹ ‘እንዲያ መባሏ ቀርቷል’ ሲሏቸው፣ ‘ማሚቱ ዳልጮ’ አሉ።”

“አንቺስ?”

ማሚቱ ክፍል ውስጥ እንዳደረገችው ቀጥ ብላ ቆመችና “አቤት!” ብላ ጮኸች። አስር አለቃ ገነነ ደንግጦ ጠመንጃውን ሊጥል ምንም አልቀረውም።