ልጄን ከሮክ ባንድ ላስወጣ ወደ ዳንግላ

ቅዳሜ ጠዋት ከቆሰበር የተነሣሁት ባዶ ሻንጣ ይዤ ነው። ልጄ የሺ ዳንግላ ኮሌጅ ትማራለች፤ እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ባንድ መሥርታ ድራም ትመታለች። የዚያን ቀን የአንድ የውጭ ባንድ ዝነኛ የሮክ ዘፈን በኮሌጁ አዳራሽ ለሕዝብ ሊጫወቱ ነበር። ዘፈኑን በስልኳ አሳይታኛለች፦ ጠጉሩን የለቀቀ ዘፋኝ፣ ከፊቱ እንደ ጤፍ ማሳ የሚወዛወዝ ሕዝብ። መዝገበ ቃላት ገልጬ ግጥሙን ፈታሁት። ኃጢአት አላገኘሁበትም፤ ቁም ነገርም አላገኘሁበትም።

«ሰው ከሳቀብሽ ልብስሽን ጠቅልለሽ ቤት ትገቢያለሽ» ብያታለሁ። እሷም እሺ ብላለች።

አዲስ ቅዳም

ሚኒባሱ ከሰል ሊጭን ቆመ። ከሰዓት መንገድ ይዘጋል የሚል ወሬ ሰማን፤ ለየሺ ብደውል ኔትወርክ የለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ጥቁር የለበሰች ሴት፣ እትዬ አለሙሽ፣ ቅቅል ድንች አካፈለችኝ።

«አያ፣ ሻንጣው ነፋስ ነው እንዴ የያዘው?»

«ልጄን ላመጣበት ነው።»

«በሻንጣ?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። እሷም ለካ ወደዚያው አዳራሽ ነበር የምትሄደው፤ ጊታር የሚመታው የእህቷ ልጅ ነው። «ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ዘፈን ያለበት ተቀምጬ አላውቅም። እግሬ ላይ ወድቆ ቢለምነኝ ነው» አለችኝ።

ዳንግላ

ከመናኸሪያ በጋሪ ሄድን። ዘመድ ናችሁ ብለው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡን። ጊታሩ ብቻውን፣ ዝግ ብሎ፣ እንደ እንጉርጉሮ ጀመረ። እትዬ አለሙሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በእኛ አገር አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ዝም አትልም፤ ከኋላ ያሉ ሴቶች ተከተሏት። አንድ ሽማግሌ «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሻንጣዬን ጨበጥኩ።

ቀጥሎ ድራሙ እንደ መብረቅ መግባት አለበት። የሺ እንጨቶቿን አነሣች፤ ሴትዮዋን አየች፤ መልሳ አወረደቻቸው። ለጊታሪስቱ ራሷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠችው፤ ያንኑ ዜማ ደገመው፤ አሁንም ደገመው።

«ተኛች እንዴ? ቀስቅሷት!» አለ አንዱ ከኋላ።

በሐዘንተኛ ፊት ከበሮ አይመታም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ብትመታና ባረፍኩ አልኩ።

በመጨረሻ እትዬ አለሙሽ ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች። «በቃኝ፣ ምቺ ልጄ!»

መታች። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ ጮኹ።

ሲያልቅ የሺ መጥታ ሻንጣውን አየች። «ስቀውብናል፣ አባዬ። ልብሴን ላምጣ?»

«ሰኞ ትምህርት አለሽ፤ እዚሁ ተቀመጪ» አልኳት።

ቆሰበር

መንገዱ አልተዘጋም። ቃሌን ማጠፌ ግን እስከ ቤት ድረስ ከነከነኝ። ልጅን የምንቆጣው ምክራችን መሬት የወደቀ ሲመስለን ነው፤ የእኔ ባላሰብኩት መድረክ ላይ ተገኘ።

ባለቤቴ በር ላይ ሻንጣውን ስትቀበል ቅለቱ አስደነገጣት።

«ልጄ የታለች? አልሳቁባትም ማለት ነው?»

«ሳቁባት።»

«ታዲያ?»

«አንዲት ሐዘንተኛ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻት» አልኩና ገባሁ።