እንግዳ ላይ የማይጮኸው ደወል

በጃንሆይ ዘመን የመንግሥት ጸጥታ ጥናትና ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ስሙን የሰማ ሁሉ ይደነግጥ ነበር። ክፍሉ ግን እኔ፣ አንዲት ታይፒስትና አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ነበርን።

አንድ ቀን ሚኒስትሩ አስጠሩኝና፣ "ከአንተ ዘንድ የማየው ወረቀት ብቻ ነው። ቅዳሜ ሱሉልታ መጥቼ የሚሠራ ነገር ካላየሁ ክፍሉን እዘጋዋለሁ" አሉኝ። ተዘጋ ማለት ደግሞ እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሼ አቧራ ስቅም መኖሬ ነው። ሞቼ ነው!

የሚሠራ ነገርማ ነበረኝ። ሱሉልታ ባለው የመንግሥት መጋዘን ዙሪያ ቀጭን ሽቦ ዘርግቻለሁ፤ ሽቦውን የረገጠ ሁሉ ደወል ያስጮኻል። መጀመሪያ ላይ ለላሟም ለውሻውም እየጮኸ ቁም ስቅሌን አሳይቶኝ፣ በስንት መከራ አስተካክዬዋለሁ። የመጋዘኑ ዘበኛ በኦሮምኛ አክብሬ ኦቦ እያልኩ የምጠራቸው የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ። ዓርብ ዕለት፣ "ኦቦ፣ ነገ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉና አደራ፣ እንዳልዋረድ" አልኳቸው።

"አታስብ ልጄ፣ ለእኔ ተወው" አሉኝ። ተውኩላቸው። ወይ ጅልነቴ!

ቅዳሜ ሚኒስትሩ መጥተው ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሽቦውን ረገጡ። ጸጥ። ተመልሰው ረገጡት። አሁንም ጸጥ። ደወሉ ወደሚሠራበት ባትሪ ሮጥኩ። ሽቦው ከባትሪው ተፈቶ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ በሥርዓት ተቀምጧል።

"ማነው ይኼን የነካው?!" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ነኛ!" አሉ ኦቦ ኮራ ብለው። "ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው ደጃችን ሲመጡ እንደ ሌባ ይጮህባቸዋል? ነውር አይደለም?" ወደ ሚኒስትሩ ዞረውም እጅ ነሱ። "አካም ጅርቱ ጌታዬ! ይግቡ፣ እርጎ አለ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚኒስትሩ እርጎውን ተቀብለው ቆመው ጠጡና ሽቦውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"እኚህ ሰው እንግዳን ከሌባ ይለያሉ። ያንተ ደወል ይለያል?"

"አይለይም፣ ክቡርነትዎ።"

"እንግዲያው እስኪለይ ድረስ አጥና።"

ያ መንግሥት እስኪወርድ አጠናሁ። ሱሉልታ በሄድኩ ቁጥር ኦቦ እርጎ እየቀዱልኝ፣ "ደወሉስ ሰው ማወቅ ጀመረ?" ይሉኛል።

"ኧረ አልጀመረም፣ ኦቦ።"

"ተመስገን!" ይላሉ። "ሁለታችንም እንጀራችን ላይ ነን።"