ከእህቴ ጋር አየር ላይ፣ ከእህቴ ጋር ባሕር ላይ

በአውሮፕላንም ሆነ በጀልባ ለሽርሽር መሄድ ለሚያስብ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው ነው፦ ከማን ጋር እንደምትሄድ ሳታውቅ ትኬት አታስቆርጥ። ሻንጣው ስንት ኪሎ ይሁን፣ ጆሮ ሲደፈን ምን ይደረግ፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ከዛንዚባር ከተመለስኩ ወዲህ የአዘዞ ሰው በሬን እያንኳኳ ምክር ይጠይቀኛል። ይጠይቀኛል እንጂ አይሰማኝም። ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ማስረዳት ስጀምር አቋርጦኝ፣ “ባሕሩስ? ያምራል?” ይለኛል። ያምራል። አሁን ስለ ካርዱ ስማኝ ብዬ እጮህበታለሁ።

ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፤ መጮህ ብርቄ አይደለም። ቤቴ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ያን ሁሉ ዘመን በጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ እየሰማሁ አንድ ቀን ተሳፍሬበት አላውቅም፤ ልሳፈርበት ብዬም አልተመኘሁም። እዚያ ደሴት ላይ ሆቴል ውስጥ የምትሠራው ልጄ ናት፣ “እማዬ፣ አባዬ ከሞተ ጀምሮ ከቤት አልወጣሽም፤ አንድ ሳምንት መጥተሽ አየር ቀይሪ” እያለች የወጠረችኝ። እሺ ስላት ሁለት ትኬት ቆረጠች። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ስጠይቃት ጉሮሮዋን ጠረገች።

“የአክስቴ” አለችኝ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጠረቀምኩት።

አክስቴ የምትላት ታላቅ እህቴን ነው። ከእናቴ ሆድ የወጣን እኔና እሷ ብቻ ነን። እሷ ከሊማሊሞ ሥር ድብ ባሕር ተድራ እዚያው ገበሬ ሆና ቀረች፤ እኔ ከተማ ገባሁ። ባሌ ሲሞት ለቅሶዬን አልደረሰችም። የማላውቃቸው ሰዎች እንኳ ድንኳን ውስጥ ገብተው ሲያለቅሱልኝ የእናቴ ልጅ አልመጣችም። አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱ ወጣ፣ አልመጣችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈስኩላትም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊቴ ቆማ “አጥፍቻለሁ” እንድትለኝ። ያን ካላለች መቃብሬ አፍ ድረስ አላናግራትም ብዬ ምዬ ነበር፤ ጎረቤቱም ሁሉ ፈርዶልኝ ነበር። ልጄ ታዲያ ጎን ለጎን ካስቀመጥኳቸው ይታረቃሉ ብላ አሰበች። ትኬቱን መልሺ ብዬ ብጮህባት አይመለስም አለችኝ፤ በሌላ ሰው ስም ቀይሪው ብላት ስምም አይቀየርም አለችኝ። ይህንንም ያዙልኝ፤ አንዴ በሰው ስም የተቆረጠ ትኬት ያንኑ ሰው ይዞባችሁ ነው የሚመጣው።

ልጄ ምክሯን በድምፅ እየቀዳች በስልክ ትልክልኝ ነበር። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ አለች። እኔ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ብደርስ እህቴ የግቢው በር ሳይከፈት መጥታ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። በዋዜማው ከድብ ባሕር መጥታ የባሏ ዘመድ ዘንድ አድራ ነበር። እኔ ቤት ልደር አላለችም፤ እኔም እደሪ አላልኳትም። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎና የሁለት ሊትር ፕላስቲክ ሙሉ ጠበል ይዛለች። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ፊቴን አዞርኩ።

መፈተሻው ላይ የቆመችው ልጅ ፕላስቲኩን አንሥታ፣ “እማማ፣ ውኃ ይዞ ማለፍ አይቻልም” አለቻት።

“ውኃ አይደለም የኔ ልጅ፣ ጠበል ነው። ካገሬ ታቦት ያስቀዳሁት ነው።”

“ቢሆንም አይቻልም። እዚያ ይድፉት።”

እህቴ ልጅቷ ያሳየቻትን የቆሻሻ ቅርጫት አየችው። ጠበል ቆሻሻ ላይ የሚደፋ ክርስቲያን የት አለ? ድርቅ ብላ ቆመች። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል፤ ሻንጣ የያዙ ፈረንጆችም አሉበት። እህቴ ክዳኑን ከፍታ ወደ ሰልፉ ዞረች። “እህል ያልቀመሳችሁ ቅረቡ፣ ቁርስ የበላችሁ ደግሞ እረጫችኋለሁ” አለች። ዕለቱ ዓርብ ነበርና አብዛኛው ሰው አልበላም። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ መዳፉን ዘረጋ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ቁርሳቸውን የበሉት አንገታቸውን ደፍተው ተረጩ፤ ፈረንጆቹም ሥርዓቱ መስሏቸው ተረጩ። በመጨረሻ ፈታሿ ራሷ አማትባ ጠጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እህቴ እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ አልጠጣሁም፣ አልተረጨሁም። የቀረውን ራሷ ጨለጠችው። ጠበል የያዘ ሰው አሽጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሚጫነው ሻንጣ ይላከው። ይህን ልጄም አልነገረችንም።

አውሮፕላን ውስጥ ወንበራችን ጎን ለጎን ነው። እህቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል። ቀበቶዋን ማሰር አቅቷት ስትታገል አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። አስተናጋጇ ስትመጣ እህቴ፣ “የኔ ልጅ፣ ለዚህች ሴትዮ ክርኗን ሰብሰብ እንድታደርግ ንገሪልኝ” አለቻት። እኔም፣ “ለሴትዮዋ ከረጢቷን ከእግሬ ላይ እንድታነሣ ንገሪልኝ” አልኩ። አስተናጋጇ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየች፣ “አትተዋወቁም?” አለች።

አውሮፕላን ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል። ልጄ ከረሜላ ምጠጡ ብላ ነበር፤ እኔ ማስቲካ አላመጥኩ። እህቴ ግን ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ናት፤ ያን ሁሉ ዳቦ ቆሎ ጭኗ ላይ ይዛ አንዲት ፍሬ አፏ አላስገባችም። አዲስ አበባ እስክናርፍ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ቀረች። ማስቲካው ቦርሳዬ ውስጥ ሌላም ነበር። ማስቲካ ጾም ያፈርሳል አያፈርስም የሚለውን ለካህናት ትቼ አንዱን ላቀብላት እችል ነበር። አላቀበልኳትም። ስትሠቃይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በምንበርበት ጊዜ ምግብ ሲመጣም እኔ በላሁ፤ እሷ የጾሙን ምግብ በወረቀት ጠቅልላ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለው ተረት እሷ ላይ ነው የታየኝ እንጂ እኔ ላይ አልታየኝም።

ልጄ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ሳንነጋገር አደርን። “ለእናትሽ ጨው አቀብያት።” “ለአክስትሽ በሩን ትዝጋው በያት።” ልጅቷ መሐል ሆና ፊቷ ከሰል መሰለ። ሰኞ ዕለት መረራትና፣ “ዛሬ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እናንተ ከእንግዶች ጋር ወደ ትንሿ ደሴት ሂዱ” ብላ በሞተር ጀልባ ላይ ጫነችን።

የጀልባን ነገር እንግዲህ ልብ ብላችሁ ስሙ። መሐል ላይ ተቀመጡ፤ ማዕበሉ እዚያ ይቀንሳል። ሆዳችሁን አትሙሉ። ዓይናችሁን ጀልባው ላይ አትትከሉ፣ ሩቅ እዩ። ይህን ሁሉ ልጄ ነግራኛለች። እኔ ግን ጠዋት የተጠበሰ ዓሣ እስኪበቃኝ በልቼ፣ እህቴ መሐል ስለተቀመጠች ብቻ ከፊት ጫፍ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ጃኬቴን እንደታጠቅኩ ጠርዙ ላይ ተደፍቼ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወክሁ። ፈረንጆቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ የተመላለሰች ሴት ናት፤ ባሕሩ ምንም አላላትም። ወንበሮቹን እየያዘች መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፣ መዳፏንም ግንባሬ ላይ አድርጋ ያዘችኝ። ልጅ ሆኜ ስታመም እንዲሁ ትይዘኝ ነበር።

“ባሌን ስቀብር ያልያዝሽኝ፣ ዛሬ ዓሣ ስተፋ ትይዢኛለሽ?” አልኳት። የሁለት ዓመት የመጀመሪያ ቃሌ ይሄ ነበር።

እጇን አላነሣችም። “ምነው እንዲህ ትያለሽ? ማን ነግሮኝ ነው የምይዝሽ?”

በእኛ አገር የሥጋ ዘመድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎሕ ሳይቀድ ትልልቅ ሰዎች በሩ ድረስ ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ይዘው ያረዱታል። መርዶ ያልተላከለት ዘመድ፣ ዘመድ አይደለህም እንደተባለ ይቆጥረዋል። ሳይጠሩት መጥቶ ድንኳን አይገባም።

“ዛሪማ ገበያ ነው የሰማሁት” አለች፤ የሞተሩ ጩኸት እንዳይውጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። “ከጎንደር የመጣ ጨርቅ ሻጭ ጨርቁን እየለካ፣ የእህትሽ ባል ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አለፈው አለኝ። እዚያው ገበያ መሐል ጮህሁ። የማላውቃቸው ሴቶች ናቸው የያዙኝ። ከዚያ ወዲህ ትልክብኛለች እያልሁ ጠበቅሁ። አርባው ሲደርስ ጠበቅሁ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጠበቅሁ።” ቀጥላም፣ “ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ይሆናላ፣ መልእክተኛው ማኪና አጥቶ ነው የቀረው እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። እንዲያ ነው አይደል?” አለችኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ባሌ ያረፈ ዕለት የዕድራችን ሽማግሌ፣ “ለድብ ባሕሯ እህትሽ ማን ይሂድ?” ብለው ጠይቀውኛል። እኔም፣ “መንገዱ ተዘግቷል፣ ተዉት” አልኳቸው። ያን ቀን በእህቴ መንገድ የሚሄዱት የሚኒባስ ረዳቶች “ደባርቅ! ደባርቅ!” እያሉ ሲጣሩ ነበር የዋሉት። ሽማግሌውም ሳያውቁ አልቀሩም፤ ግን ከሐዘንተኛ ጋር ማን ይከራከራል? ባሌ ሁለት ወር ሲታመም እህቴ አንዴ ብቻ መጥታ፣ አጨዳ ደርሷል ብላ በማግሥቱ ተመልሳ ነበር። በዚያ ተቀየምኩ። ይሄ ግን ለሰው ነግሬ የሚፈረድልኝ ቂም አልነበረም፤ ገበሬ አጨዳ ሲደርስበት ምን ያድርግ ይሉኛል። ለቅሶ መቅረት ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ይፈርድልኛል። እንድትቀር ፈልጌ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም።

“እንዲያ ነው” ብላት ያበቃ ነበር። እሷ ምክንያቱን ራሷ አዘጋጅታ አፌ ድረስ አምጥታልኝ ነበር። ተቃቅፈን እናለቅሳለን፣ ልጄም ባሕር ዳር ስትቀበለን እልል ትላለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሆዴ ባዶ ነበር፤ መዳፏ ደግሞ ቀዝቃዛና ሸካራ፣ ግንባሬ ላይ። ያንን እጅ ይዤ መዋሸት አቃተኝ።

“ክፍት ነበር” አልኳት። “አትላኩ ያልኩት እኔ ነኝ።”

እጇን ከግንባሬ ላይ አነሣች። እየተደገፈች ተመልሳ መሐል ላይ ተቀመጠችና ልጄ እንደመከረችው ሩቅ ሩቁን ታይ ጀመር። እኔ እንደገና አስታወክሁ፤ አንድ ፈረንጅ የፕላስቲክ ከረጢት አቀበለኝ።

የቀሩትን ቀናት እህቴ ከልጄ ጋር እየሳቀች፣ ገበያ እየወጣች አሳለፈች። ለእኔ በሦስተኛ ሰው እንኳ አልተናገረችም። ስንመለስ ወንበራችን እንደገና ጎን ለጎን ነበር። አስተናጋጇን ጠርታ ሌላ ወንበር እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ሰጧት። አጠገቤ ባዶ ወንበር ይዤ አገሬ ገባሁ። አዘዞ ስንወርድ ሰፊ ቦታ አግኝተው ተመቸዎት አይደል ያለኝን ተሳፋሪ ምን ብዬ እንደሰደብኩት አሁን አላስታውስም።

ሽማግሌ ላክሁባት። የመጀመሪያዎቹን በሸጋ መስተንግዶ አብልታ አጠጥታ፣ ስሜን ሳታነሣ ሸኘቻቸው። ሁለተኛ ጊዜ ቄስ ጨምሬ ላክሁ፤ መስቀል ተሳልማ ስለ ዝናቡ አወራቻቸው። ያለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ላክሁ። እህትሽ ራሷ መጥታ ደጅሽ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅሽ፣ ወይም አንቺ ነይላት ብለው ለመኗት። እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

“ተንገላታችሁ፣ እናንተንስ እግዜር ይስጥልኝ” አለቻቸው። “ለእህቴ ግን እንዲህ በሉልኝ፦ መንገዱ ተዘግቷል።”

ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ነው መልእክቱን ያደረሱልኝ። በሚኒባስ ሄደው፣ በሚኒባስ ነበር የተመለሱት።