ተዝካሯ በቁሟ የወጣላት አክስቴ

ያኔ በጃንሆይ ዘመን ነው። ተዝካር ለሞተ ሰው ነው የሚወጣ፤ አክስቴ ግን በቁሟ አወጣች። ልጅ አልወለደች፤ ባሏም ትቷት ሌላ አግብቷል። "ስሞት ማን ያስበኛል?" ብላ በሬዋን አሳረደች፣ ጠላውን አስጠመቀች። ካህናቱ ጸለዩ፤ የቢቸና ሰው በልቶ ጠጥቶ ተበተነ። እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን እሷ ናት። ቤቷን ለወንድሜ ሰጥታ ቆብ ደፋችና ሞጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከአሮጊት መነኮሳት ጎጆዎች አንዷን ይዛ ተቀመጠች።

እኔ ሞጣ ተድሬ ስለነበር ቶሎ ቶሎ እጠይቃታለሁ። ሰዉ "ታድለው! ቅዳሴ እየሰሙ፣ ከደጀ ሰላሙ ተጠግተው" ይላል። እንዲህ የሚል እስቲ አንድ ክረምት ይቀመጥባት! ጎጆዎቹ ፊታቸው ወደ መቃብሩ ነው። አሮጊቶቹ ማለዳ ደጃቸው ላይ ይቀመጡና አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ እንዳለ ያያሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያ አስተያየታቸው ዛሬም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

"እህልስ አላጣሁም፣ ምጽዋቱ ይመጣል" አለችኝ አንድ ቀን። "በልጅነት ስሜ የሚጠራኝ ነው ያጣሁ። ሁሉም እማሆይ ነው የሚለኝ። ልጄ፣ ቤቴ ውሰጅኝና ከምድጃዬ ጥግ ልሙት።"

በባሌ በቅሎ አስቀምጬ ቢቸና ወሰድኋት። ቤቷ ገና ሲታያት "በእግሬ ነው የምገባ" ብላ ወረደች። ነጠላዋን አስተካክላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ወንድሜ ከደጁ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ" አላት። ከልጅነቱ አንቺ እያላት ያደገ ልጅ! ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ልጄ ታሟል፣ ትኩሳቱ አልለቀውም። ተዝካሩ የተበላ ሰው ተመልሶ ቤት ከገባ ብቻውን አይወጣም ይላሉ" አለኝ።

"አበስኩ ገበርኩ! ምን ትላለህ አንተ? በእሷ ጉርሻ አይደለም ወይ ሰው የሆንኸው? ንካት እስቲ! ሥጋ ናት፣ መንፈስ አይደለችም!" ብዬ ጮህሁ።

አልነካትም። ጎረቤቶቹም ከአጥሩ ማዶ ሆነው ያያሉ።

የወንድሜ ሚስት እንጀራ በወጥ ጠቅልላ አወጣችና፣ ለመንገደኛ መነኩሴ እንደሚሰጥ፣ ደጃፉን ሳትሻገር እጇን ዘርግታ ሰጠቻት። አክስቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። ምጽዋት የተቀበለ ሁሉ ለሰጠው ቤት ሙታን እንደሚለው፣ ወደ ገዛ ቤቷ ዞራ "ነፍስ ይማር" አለች።

የዚያ ቤት ሟች ማን እንደሆነች አውቃለሁና ፊቴን አዞርሁ። ወንድሜ ግን፣ እግዜር ይየው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ "አሜን" አለ።