ከሙሽራዋ በፊት የሚነሳው ፎቶ

የሰፈሩ ሰው አባቴን «ብልጭ» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ከማንሳት ይልቅ ግን በማጥፋት ይታወቃል። ዓይኑን የጨፈነ ይጠፋል፣ የደበዘዘ ይጠፋል፣ የመብራት መሞከሪያ ደግሞ ሳይታይም ይጠፋል። የልደቴን ፎቶ «ጨፍነሻል» ብሎ አጥፍቶብኛል፤ እስከ ዛሬ ቂም ይዤበታለሁ።

መሞከሪያዋ እናቴ ነበረች። ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት እማዬ ቦታዋ ላይ ትቆምና ነጭ ወረቀት አገጯ ሥር ትይዛለች፤ እሱ መብራቱን ያስተካክላል። ሲጨርሱ «በል አሁን ካሜራውን ከፍ አድርገው፣ ሙሽራዋ እንደኔ ድንክ አይደለችም» ብላው ዘወር ትላለች። የመጀመሪያው ብልጭታ የሚያርፈው እሷ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ ጨፍና ነው የምትወጣው። ከዚያ ውጪ ካሜራ ፊት ቁሚ ብትባል አሻፈረኝ ትላለች። አምና ስትሞት፣ የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ፎቶ አጣንላት።

ሰሞኑን የአባዬ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ኮምፒውተር ጠጋኙ «ጨርሶ ሳይበላሽ የሚፈለገውን ብቻ አውጡ» አለን። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴን ዓይኗን ገልጣ ማየት። አባዬ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሥራ ገና ስላላጣራው ተስፋ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ሠርግ ስንከፍት እማዬ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። ጨፍናለች። አባዬ ቁልፉን ተጫነና አጠፋት። ሁለታችንም ክው አልን። ከጠፉት መሃል ፈልጌ መለስኳት።

«እጄ ነው፣ ለምዶበት» አለ።

«አውቃለሁ አባዬ። አንተ እይ፣ እኔ ልጫን።»

ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ስናልፍ እናቴ እየከሳች መጣች። በሰው አዳራሽ፣ በሰው አበባ መሃል፣ ሁሌም እንደጨፈነች። የሞተች ቀን ያየሁት ፊት ያው እሱ ነበር። የገዛ እናቴን ፈራኋት።

ከዚያ እሷ ከሞተች በኋላ የተነሱት ሠርጎች መጡ። እዚያም የመጀመሪያው ፎቶ አልቀረም፤ መጋረጃ፣ አበባ፣ መሃሉ ላይ ግን ማንም የለም። ቀጥሎ ሙሽራዋ ቆማለች፤ ከግንባሯ በላይ ተቆርጣለች። የሚቀጥለው ሠርግም እንደዚያው። ዘንድሮ ደንበኞች «ብልጭ አርጅቷል፣ የሰው ራስ ይቆርጣል» እያሉ ሲያሙት እናደድ ነበር። አሁን ገባኝ። ካሜራውን የሚያቆመው በእማዬ ቁመት ነው፤ ከፍ አድርገው የሚለው ሰው የለም።

«አባዬ፣ ይሄ ባዶው ይጥፋ?»

መነጽሩን አውልቆ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ፊቷ ይሆን በነበረበት ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ተዪው» አለኝ። «እዚህ ላይ አልጨፈነችም።»