የሰው ሶፋ

ሰፈሩ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ «ስፖንጅ» ነው የሚሉኝ። ያረጀ ሶፋ አዳሽ ነኝ። ጨርቁን ገፍፌ፣ ሞላውን አጥብቄ፣ ስፖንጁን ቀይሬ፣ ሰው ተንፈላሶ እንዲቀመጥበት አደርጋለሁ። እኔ ራሴ የምቀመጠው የሚስማር ሣጥን ላይ ነው፤ ወገቤን ብትጠይቁት የሚነግራችሁ ጉድ አለው።

እህቴ ስትሞት ልጇ ሚጢጢ ወደ እኔ መጣች። አባትየው ቀድሞ አርፏል። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ፀጉር ማበጠር አልችል! መጀመሪያ ቀን የሶፋ ጨርቅ እንደሚገፍ ሰው ፀጉሯን ስጎትተው ጩኸቷን ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ይሁን፣ እሱን ተማርኩ፤ እሷም ስሠራ መቀስ ማቀበል ተማረች። ያልቻልኩት ትንፋሿን ነው። አስም አለባት። ሲነሳባት ደረቷ ያፏጫል፣ ሁለት ቃል ተናግራ ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ትደክማለች። መድኃኒቱን አንዳንዴ እገዛለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እጄ ያጥረኛል።

ጎረቤቴ ልብስ አጣቢዋ ዝም የማትል ሴት ናት። «አንተ ስፖንጅ፣ እናት አባት ለሌላቸው ልጆች ነጻ ሕክምና እንዳለ ስንቴ ልንገርህ? ሂድና ተመዝገብ!» ትለኛለች።

«እሺ» እላለሁ፤ አልሄድም። ፈርቼ ነዋ! እንኳን እንዲህ ያለ ነገር መጥቶ፣ እኔ እንደሁ ፖሊስ ሳይ ሰላምታ የማበዛ ሰው ነኝ። ሚስት የሌለው ወንድ፣ ሥራውም እንቅልፉም አንድ ክፍል ውስጥ የሆነ፣ ሴት ልጅ ያሳድጋል ሲባል ምን ይሉኛል? «አምጣት» ነው የሚሉኝ ብዬ።

መቼም ልብስ አጣቢዋ ዝም ብላ ማየት አትችልም፤ እሷው ሄዳ አስመዘገበችን። «ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ነገ ጠዋት ቤትህን ልታይ ትመጣለች» አለችኝ።

ሰው የሚኖርበት ቤት ላሳያት አልኩና፣ አድሼ የጨረስኩትን የአንድ ነጋዴ ቀይ ሶፋ ከነትንንሽ ትራሶቹ ክፍሉ መሀል ገተርኩት። ከጎረቤቴ መጋረጃ ተዋስኩ። ስፖንጁንና ቁርጥራጩን በሙሉ አልጋ ሥር ጎሰጎስኩት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ!» አለች ልብስ አጣቢዋ፣ መጋረጃዋን ራሷ እየሰቀለችልኝ።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ስምጥ አለች፤ ዐይኗ ከመጋረጃው ወደ ትራሶቹ ሄደ።

«ቤትዎ ያምራል» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እንግዲያው ጥሩ ነው። ድጋፉ የሚያስቀድመው የባሰባቸውን ስለሆነ፣ የእናንተ ትንሽ ይቆያል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! የልጄን መድኃኒት በገዛ ምላሴ ከለከልኳት። ልናገር ስል ይሉኝታ ያዘኝ። ቂል ብቻ! ቁጭ ብዬ ፈገግ እላለሁ እኮ።

ሠራተኛዋ ልትነሳ ስትል ጥግ ላይ የቆመችውን ሚጢጢን አየቻት። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት።

ሚጢጢ ራሷን ነቀነቀች። የደንበኛ ሶፋ ላይ እንዳትቀመጥ ከመጣች ጀምሮ አስጠንቅቄያታለሁ፤ ለዛሬ ተፈቅዷል ማለቱን ረስቼዋለሁ።

«ለምን?»

«የሰው... ሶፋ... ነው» አለች፣ በየቃሉ እያረፈች። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ጎንበስ አለች፤ ፉጨቱ ክፍሉን ሞላው።

ይሉኝታው የት እንደገባ አላውቅም። ተንደርድሬ አቀፍኳትና፣ «ሶፋውም የሰው ነው፣ መጋረጃውም የሰው ነው! የኔ እሷ ብቻ ናት፤ እሷን አትውሰዱብኝ!» ብዬ ጮህኩ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው እንደ ሕፃን ስነፋረቅ ልብስ አጣቢዋ በመስኮት ታየኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አለቃቀሴን እያስመሰለች ትስቅብኛለች።

ሠራተኛዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። «ማን ይወስድብኛል ብለው ነው? እኔ የመጣሁት ሕክምና እንድታገኝ ነው።» ጎንበስ ብላ አልጋ ሥር አየች። የጎሰጎስኩትን ስፖንጅ ሳብ ስታደርገው ብናኙ ቦነነ። «ከዚህ ቤት መውጣት ያለበት ይሄ ነው» አለችኝ።

ወጣ። አሁን የምሠራው ደጅ፣ ሸራ ሥር ነው። ሲዘንብ ግማሽ ጀርባዬ ይታጠባል፤ ሚስማር እንዴት እንደሚመታ የማይመክረኝ መንገደኛ የለም። ሚጢጢ ጤና ጣቢያ በነጻ ትታያለች፤ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ጠዋትና ማታ ትወስዳለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሸራው ጋ ቆመችና፣ «ጋሼ ያቺ ሴትዮ ብትወስደኝ ኖሮ መቀሱን ማን ያቀብልህ ነበር እያልኩ ስንት ቀን እንደፈራሁ ብታውቅ» አለችኝ።

አንዴም አላረፈችም! «እሰይ የኔ ልጅ! ሳታቋርጪ ተናገርሽ!» ብዬ መዶሻዬን ጥዬ ጨፈርኩ። እሷም ሳቀችብኝና ገባች። ምን እንዳለችኝ የገባኝ ሚስማሬን መልሼ ከያዝኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።