በተጨፈነ ዓይን የተመረጠው ኮምፒውተር

ሴትዮዋ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በኮምፒውተር መሸጫው ውስጥ ለሽያጭ ከቀረቡ ሁለት ኮምፒውተሮች ፊት ተቀመጡ። ሻጯ የዊንዶውሱንና የማኩን ልዩነት ልትዘረዝር ስትል ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የጣላቸው መስሏት ደነገጠች። ጣቶቻቸው ግን አንዴ በግራው ኮምፒውተር፣ አንዴ በቀኙ ላይ እንደ ድሮ ታይፒስት ይሮጣሉ።

«የጻፍኩትን ያነብልኛል?» አሉ።

ሻጯ በሁለቱም ላይ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም ከፈተች። የግራው ቃሉን እየዋጠ ተጣደፈ። የቀኙ ግን ረጋ ብሎ፣ «ልጄ፣ ደህና ነኝ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩልሽ» አለ።

ትከሻቸው ካፖርቱ ውስጥ ዝቅ አለ። «እፎይ። ሐኪሙ ዓይንዎ ብዙ አይቆይም ብሎኛል፤ እጄ ቀድሞ ይልመድ ብዬ ነው። ይሄን ስጪኝ።»

ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ኮምፒውተሩን ጎንና ጎኑን እያገላበጡ አዩት።

«መልኩም ለካ ያምራል» አሉ።